ጋሽ ህሩይ እና የሣህሊቱ መርዶ

ጋሽ ህሩይ የሰፈራችንን የእድር ጡሩምባ ሠላሳ አንድ ዓመት ነፍተዋል። ጭሮን እስከ ዛሬ አሰበ ተፈሪ እያልን የምንጠራ ሰዎች ጡሩምባ በሰማን ቁጥር የሚመጡብን እሳቸው ናቸው። ሥራቸው አናጢነት ነበር። አልጋና ቁም ሣጥን እየሠሩ ልጆቻቸውን ደጀንንና ሰርካን አሳድገዋል። በሰፈሩ ውስጥ እሳቸው ያልሠሩት በር ጥቂት ነው። ጡሩምባውን ግን እንደ ሥራ አያዩትም ነበር፤ እንደ አደራ ነው የያዙት።

አንድ ሰው ሲያርፍ ጎህ ሲቀድ ይነሡና ከላይኛው ሰፈር ጀምረው እስከ አስፋልቱ ድረስ ይወርዳሉ። የሚቆሙባቸው ቦታዎች ሰባት ናቸው። በእያንዳንዱ ቦታ ሁለት ጊዜ ይነፋሉ፣ ውሾቹ ዝም እስኪሉ ይጠብቃሉ፣ ከዚያ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይናገራሉ። አራስ ያለችበት ደጅ ላይ አይነፉም። በሩን በቀስታ ያንኳኩና ለባልየው በጆሮው ይነግሩታል። ከሁሉ በላይ የሚጠነቀቁት ደግሞ ለመርዶ ነበር። የሟች ዘመድ በሰፈሩ ካለና ገና ካልሰማ፣ ሽማግሌዎች ገብተው በወጉ ሳይነግሩት ጡሩምባው አይነፋም። አንድ ጊዜ እናቷ የሞተችባት ሴት በደሳ ገበያ ሄዳ ኖሮ፣ እሷ እስክትመለስ ብለው ልፈፋውን እስከ ማግስቱ አቆዩት። የእድሩ ዳኛ አቶ እስክንድር ቢቆጧቸው፣ "ሰው የገዛ እናቱን ሞት ከጡሩምባ አይሰማም" አሉ፤ ሌላ አልተናገሩም።

ሚስታቸው ሣህሊቱ ጓደኛዬ ነበረች። በአንድ አጥር ሠላሳ ስምንት ዓመት ኖረናል። ከአምስት ዓመት በፊት በስኳር ሕመም አረፈች። የዚያን ቀን አቶ እስክንድር፣ "ዛሬስ ሌላ ሰው ይንፋ፣ ጋሼ" ቢሏቸው፣ "የሷን ሌላ ሰው አይለፍፍም" ብለው ጡሩምባቸውን አንሥተው ወጡ። እኔ ደጅ ላይ ሲደርሱ አየኋቸው። ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። ሣህሊቱ ብለው፣ የቀብሩን ሰዓት ተናግረው፣ ወደሚቀጥለው ቦታ አለፉ። እንዴት ያለ ልበ ደንዳና ነው ብዬ ነበር። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

መርሳቱ የጀመራቸው ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። መጀመሪያ ያየነው በእጅ ሥራቸው ላይ ነበር። ለአንድ ሙሽራ የሠሩት አልጋ አንዱ እግሩ አጥሮ ተገኘ። ባለቤቱ ስቆ፣ "ጋሼ፣ ሙሽራዋን በየትኛው በኩል ላስተኛት?" አላቸው። እሳቸውም አብረው ሳቁ። በሳምንቱ የሠሩት ሌላ አልጋ ላይ ሁለት እግሮች አጠሩ። ያን ጊዜ ማንም አልሳቀም። ቀጥሎ ምስማሩን ስኳር ቆርቆሮ ውስጥ መጨመር፣ ወደ ቤት መግቢያውን ማለፍ፣ የሞቱ ሰዎችን ደህና ናቸው ወይ ብሎ መጠየቅ መጣ። በመጨረሻ ደግሞ፣ "ሣህሊቱ የት ሄደች?" ማለት ጀመሩ።

ልጃቸው ሰርካ በወረዳ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ነው የምትሠራው። አላገባችም፤ ከአባቷ ጋር ነው የምትኖረው። ደጀን ግን የጭነት መኪና ሹፌር ሆኖ አዳማ ነበር ቤቱ። ስለዚህ ጥያቄው ሁሉ የሚወድቀው በእሷ ላይ ነው። መጀመሪያ ላይ እያለቀሰች፣ "አባባ፣ እማማ እኮ ሞታለች" ትላቸው ነበር። እሳቸውም፣ "መቼ? ለምን አልነገራችሁኝም?" ይሉና ራሳቸውን ይዘው መሬት ላይ ይቀመጣሉ። ምሳ ሳይደርስ ይረሱታል። ተመልሰው ይጠይቃሉ። ከጊዜ በኋላ ሰርካ ማልቀሷን ትታ በደረቁ ትነግራቸው ጀመር። ከዚያ ደግሞ ብሶባት ድንጋይ እንደሚወረወር፣ "ሞታለች አልኩህ" ትላቸዋለች። በአጥሩ ወዲህ ሆኜ ሁሉንም እሰማለሁ። እሳቸው ግን እያንዳንዱን ጊዜ እንደ አዲስ ነበር የሚሰሙት። ለቅሷቸው አንድም ቀን አላረጀም።

ጠበል ወሰድናቸው። ሁለት ሳምንት ቆይተው ሲመለሱ ሰውነታቸው ለምልሞ፣ ፊታቸው ረግቶ ነበር። ከመኪናው እንደ ወረዱ ግን፣ "ሣህሊቱ ቤት ናት?" አሉ።

እዚህ ላይ የኔን ጥፋት መናገር አለብኝ። አንድ ቀን ተቀምጬ ሳስበው አንድ ነገር መጣልኝ። ጋሽ ህሩይ የሣህሊቱን ሞት ለሰው ተናገሩ እንጂ ማንም ለእሳቸው በወጉ አልነገራቸውም። ሌላውን ሁሉ ሽማግሌ ገብቶ፣ ዘመድ ከቦት ነው መርዶውን የሰማው። እሳቸው ግን በዚያ ጠዋት ጡሩምባቸውን አንሥተው ወጡ። ስለዚህ ልባቸው ውስጥ አልገባም፤ የሚጠይቁትም ለዚህ ነው አልኩ። ለአቶ እስክንድር ነገርኳቸው። እሳቸውም አሰቡበትና፣ "እውነትሽን ነው፣ ሮማነወርቅ" አሉኝ። ሰርካም ደክሟት ስለነበር እሺ አለች።

በማግስቱ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አሥራ አንድ ሰዎች ሆነን ገባን። ሴቶቹ ነጠላችንን አዘቅዝቀናል። ጋሽ ህሩይ ሲያዩን ገባቸው። መርዶን ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ ሰው የለምና፣ ገና አቶ እስክንድር አፋቸውን ሳይከፍቱ፣ "ማን ነው?" አሉ። አቶ እስክንድር በጨዋ ቃል፣ ቀስ አድርገው ነገሯቸው። እኔ በዕድሜዬ እንዲያ ያለ ለቅሶ አላየሁም። ሁለት ወንዶች ይዘዋቸው እንኳ ከግድግዳው ጋር ሊጋጩ ነበር። "ሣህሌ፣ ሣህሌ" እያሉ እስከ ቀትር አለቀሱና ደክሟቸው ተኙ። ተሳክቷል ብለን እርስ በርስ ተያየን። አሥር ሰዓት ላይ ፊታቸውን ታጥበው በአጥሩ በኩል መጡ።

"ሮማነወርቅ፣ ሣህሊቱ ካንቺ ዘንድ ናት?"

ይህም አልበቃም። ከለቅሶው አንድ ነገር ውስጣቸው ሳይቀር አልቀረም፤ በሦስተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ ጡሩምባውን አንሥተው በሰባቱም ቦታ የሣህሊቱን ሞት ለፈፉ። በትክክል ነፍተው፣ በትክክል ቆመው፣ የቀብሩን ሰዓት እንኳ ሳይስቱ። በቅርብ የገቡ ሰዎች ሣህሊቱን ስለማያውቋት አግዳሚ ወንበር ተሸክመው መጡ። የምታውቃት ደግሞ አንዲት ሴት መንገድ ላይ ወደቀች። ሰዉ ነገሩ ሲገባው የሚስቅም ነበረ፤ የሚቆጣም ነበረ። እድሩ ጡሩምባውን ተረከበ። ሰርካ ያን ቀን ሥራ አልገባችም፤ ከሰው ዓይን ለመሸሽ ቤቷ ዋለች። ከማግስቱ ጀምሮ ግን ስትወጣ በሩን ከውጭ መቆለፍ ጀመረች።

ጋሽ ህሩይ በመስኮት ይጠሩኛል።

"ሮማነወርቅ።"

"አቤት፣ ጋሼ።"

"በሩ ዛሬ እምቢ አለኝ። ዝናቡ ነው መሰለኝ፣ እንጨቱ አብጧል። ትንሽ ብልገው ይከፈት ነበር። መላጊያዬን ማን ወሰደው?"

"ሰርካ ስትመጣ ትከፍተዋለች።"

"ሰርካ ስለ በር ምን ታውቃለች? ይልቅ ሣህሊቱን ጥሪልኝ፣ ዕቃ የምታስቀምጠው እሷ ናት።"

ያ ወቅት በጋ ነበር። ከወር በላይ ዝናብ አልጣለም። እኔም ቁልፉን በዓይኔ እያየሁ፣ "እሺ" ብዬ እሄዳለሁ።

በዚህ መካከል ነው ጤና ጣቢያው በር ላይ ወረቀቱ የተለጠፈው። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ከሃምሳ ዓመቴ በኋላ ስለሆነ የማነበው ቀስ እያልኩ ነው። ላዩ በኦሮምኛ፣ ታቹ በአማርኛ ነበር። "የመርሳት ሕመም ላለባቸው ሰዎች ቤተሰቦች። ነፃ ትምህርት። ዘወትር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት፣ በእድሩ አዳራሽ።" ሕመም የሚለው ላይ ስደርስ ቆምኩ። እርጅና ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ዓይነ ጥላ ነው ሲባልም ሰምቻለሁ። ሕመም ተብሎ ተጽፎ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

ማታውን ለሰርካ ነገርኳት።

"እርስዎ ማንበብ ከቻሉ ወዲህ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ነገር አያመልጥዎትም" አለችኝ። ልብስ እያጣጠፈች ነበር።

"አብረን እንሂድ።"

"ምን ሊያስተምሩኝ? እንዴት እንደሚረሳ?"

"እንዴት እንደሚኖር።"

"እማማ ሮማን፣ እኔ ሰው ፊት ቆሜ አባቴ እንዲህ ሆነ ብዬ አልናገርም። በጡሩምባ የተለፈፈው አይበቃም?"

"አትናገሪ። እኔ እናገራለሁ። አንቺ ተቀመጪና ስሚ።"

መጣች። ሰባት ሰዎች ነበርን። አስተማሪዋ እፀገነት የምትባል ነርስ ናት፤ ከደብረ ማርቆስ ተመድባ የመጣች፣ ገና ወጣት። ኦሮምኛዋ ስለሚያጥራት ጂብሪል የሚባል የጤና ሠራተኛ አጠገቧ ቆሞ ይተረጉማል። ወደ አዳራሹ ግድግዳ ሄዳ በጥፍሯ ቀለሙን ፋቀችው። አረንጓዴው ተላጠና ከሥሩ ሰማያዊ ወጣ።

"አቶ እስክንድር ይቅር ይበሉኝ፣ ግድግዳቸውን አበላሸሁ" አለች። "ይህ ቤት መጀመሪያ ሰማያዊ ነበር አይደል? ቀለም ሲላጥ ቀድሞ የሚላጠው የመጨረሻው ነው። የዚህ ሕመምም እንዲሁ ነው። ትናንት የሆነው ቀድሞ ይሄዳል። የድሮው ይቆያል። ስለዚህ የታመመው ሰው አይዋሽም፣ አያስመስልም። እሱ የሚያየው ሰማያዊውን ነው። እናንተ ደግሞ አረንጓዴ ነው እያላችሁ ትጣላላችሁ።"

ከኋላ የተቀመጡ ሙሜ የሚባሉ ሽማግሌ እጃቸውን አነሡ። ከከተማው ወጣ ካለ ቀበሌ በእግራቸው የመጡ ናቸው።

"ሲስተር፣ ሚስቴ ጠዋት ጠዋት ማነህ ትለኛለች። ሙሜ ነኝ እላታለሁ። ሙሜ ወጣት ነው፣ አንተ ሽማግሌ ነህ ትለኛለች። ወላሂ እውነቷን ነው። ምን ልበላት?"

ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁ። ሰርካም ስትስቅ ከስንት ጊዜ በኋላ አየኋት። ሳቁ ሳያልቅ ግን ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ያኔ ተናገረች። እኔ እናገራለሁ ብዬ ነበር፤ አልጠበቀችኝም። የእናቷን ሞት፣ ጥያቄውን፣ መልሱን፣ ሁሉንም ተናገረች። እፀገነት እስከ መጨረሻው ሰማቻትና ወደ እኔ ዞረች።

"እማማ፣ እርስዎ ያውቃሉ። ለአንድ ሰው መርዶ ስንት ጊዜ ይነገረዋል?"

"አንድ ጊዜ" አልኩ።

"ለአቶ ህሩይስ?"

እኔ ያንን ጠዋት፣ አሥራ አንዳችንን፣ ከግድግዳው ጋር የሚጋጨውን ራስ አየሁት። ተነሥቼ ያደረግነውን ተናገርኩ። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር።

"ባለማወቅ ነው፣ እማማ። እንደ ወጋችሁ ነው ያደረጋችሁት" አለችኝ።

ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

"ታዲያ ልዋሸው?" አለች ሰርካ። "አለች ልበለው?"

"አለች አትበያቸው። ሞተች ብለሽም አትንገሪያቸው። አባትሽ የት ሄደች ሲሉ ወሬ ፈልገው አይደለም፤ እሷን ፈልገው ነው። ስለ እሷ ጠይቂያቸው። ትንሽ አብረሻቸው ሁኚ። በዚያው ያልፋል፤ ደግሞ ይመጣል፤ ደግሞ ታጫውቻቸዋለሽ።"

"ይድናል?"

እፀገነት ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"አይድንም። የሄደውን የሚመልስ መድኃኒት የለም። እኔ የማስተምረው ለእናንተ ነው፤ እንዳትሰበሩ፣ እነሱም እንዳይጎዱ።"

ከዚያ ማን በር እንደሚቆልፍ ጠየቀች። ሰርካ ቀድማ እጇን አነሣች፣ ቀጥሎ ሁለት ሰዎች። እሳት ቢነሣ ምን ይሆናሉ አለችን። አስበነው አናውቅም ነበር። በመቆለፍ ፋንታ ጎረቤት ይወቅ፣ መንገድ ላይ የሚውል ሰው ይወቅ፣ በኮታቸው ውስጥ ስምና ስልክ ይሰፋ አለች። እኔ ማታውን ሰፋሁት። የሰፈራችን የባጃጅ ሹፌር በድሪ ሲነገረው፣ "ይሄ ምን ችግር አለው? የቤቴን በር የሠሩት አባባ ህሩይ ናቸው። ካየኋቸው አሳፍሬ አመጣቸዋለሁ፤ ለሌሎቹም ሹፌሮች እነግራለሁ" አለ። እንዳለውም አደረገ። ጋሽ ህሩይ አስፋልቱ ዳር ከደረሱ ከሰፈሩ አምስት ባጃጆች አንዱ፣ "ነጋ ቡልቴ፣ እንዴት አደሩ፣ አባባ፣ ወደ ቤት ነኝ፣ ልሸኝዎት?" ይላቸዋል። እሳቸውም እንደ ትልቅ ሰው ተከብረው ይገባሉ።

ከመጀመሪያው ቅዳሜ ማግስት በአጥሩ ወዲህ ሆኜ ሰማሁ።

"ሣህሊቱ የት ሄደች?"

እኔም ወደ አጥሩ ተጠጋሁ።

"ናፈቀችህ፣ አባባ?"

"እንዴ፣ ምሳ ደረሰ እኮ።"

"ምን ነበር የምትሠራልህ?"

"ሽሮ ነዋ። ጨው ታበዛበታለች። እንዳትነግሪያት ብቻ፣ ትቆጣለች።" ሳቁ። ስለ ሽሮው፣ ስለ ሠርጋቸው፣ ሣህሊቱ ከሙሽራ መኪና ወርዳ ጫማዋ ስለ መጥፋቱ አወሩ። አላለቀሱም። ሰርካ ግን ወደ ጓሮ ወጥታ፣ አፏን ይዛ፣ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች። በአጥሩ ላይ እጄን ሰድጄ ትከሻዋን ያዝኳት።

ቁልፉ ተነሣ። የተሻሉ ወራት መጡ ማለት ግን አልችልም፤ ለቅሶው ቀረ እንጂ ሕመሙ አልቆመም። ጋሽ ህሩይ መላጊያ ሲሰጧቸው አገላብጠው አይተው ይመልሱ ጀመር። ሰርካን አንዳንድ ቀን እህቴ፣ አንዳንድ ቀን ሲስተር ይሏታል። እኛም ቅዳሜ ቅዳሜ መሄዳችንን አልተውንም። ሰባት የነበርነው አሥራ ዘጠኝ ደረስን። ሙሜ በመሐሉ ሚስታቸው አረፉባቸው፤ ሆኖም መምጣታቸውን አልተዉም። ለምን እንደሚመጡ ስንጠይቃቸው፣ "የት ልሂድ? ሌላ ቦታ ስለ እሷ የሚጠይቀኝ የለም" አሉ።

ደጀን የሞተው በዚህ ዓመት በጥር ነው። ከድሬዳዋ ጭኖ ሲመለስ ቦርደዴ አጠገብ መኪናው ተገለበጠ። ለሰርካ መርዶውን የነገርናት እኔ ቤት ጠርተናት ነው። አንድ ወንድሟ ነበር። እንደ ወጉ አለቀሰች፤ ይዘናት ዋልን። ቀና ስትል መጀመሪያ ያለችው፣ "አባቴ ሰምቷል?" ነው።

"አልሰሙም" አሉ አቶ እስክንድር። "አሁን ገብተን እንነግራቸዋለን።"

"አይነገረውም።"

"ልጄ፣ አባት ነው። ልጁን ሳያለቅስ እንዴት ይቀበራል? ነገ እግዚአብሔርም ሰውም ይጠይቀናል።"

"ብትነግሩት ያለቅሳል። ከሰዓት በኋላ ይረሳዋል። ሰው በቤቱ ሲሰበሰብ ያይና ማን ሞተ ይላል። ደግሞ ይነገረዋል። ጋሽ እስክንድር፣ እርስዎ በየቀኑ መጥተው ሊነግሩልኝ ነው?"

ሊነሡ የነበሩት አቶ እስክንድር ተመልሰው ተቀመጡ። ከኛ ከአሥራ አንዱ አንዱ ነበሩና።

"መርዶ አንዴ ነው የሚነገረው" አለች ሰርካ። "ለአባቴ አንዴ የሚባል ነገር የለም።"

ድንኳኑ በእኔ ግቢ ተተከለ። አዲሱ ጡሩምባ ነፊ በእኛ ደጅ ሲያልፍ ሳይነፋ አለፈ። በቀብሩ ሰዓት በድሪ ጋሽ ህሩይን በባጃጁ ይዞ ከተማውን ሲያዞራቸው ዋለ። ሰርካ በገዛ ቤቷ ማልቀስ አልቻለችም። ማታ ወደ አባቷ ስትገባ ጥቁር ልብሷን እኔ ጋ አውልቃ፣ የዘወትር ቀሚሷን ለብሳ፣ ፊቷን ታጥባ ነበር የምትሄደው። ያንን ሳይ፣ ያላወቅን ብንሆን ይሻል ነበር ያልኩበት ጊዜ አለ።

በሠልስቱ ቀን እህል እየቀረበ ሳለ ጋሽ ህሩይ በራሳቸው መጡ። በሩ ክፍት ነው፤ ድንኳን ታያቸው፤ ድንኳን አይተው አልፈው አያውቁም። ማንም ሊያስቆማቸው አልደፈረም። እንደ ድሮው ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ጎንበስ ብለው፣ "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" እያሉ ከዳር ጀምረው እጅ ጨበጡ። ሰርካ ጋ ደረሱ። ጥቁር እንደለበሰች ናት። መሸሸጊያ የላትም።

ፊቷን አዩት። አላወቋትም።

"ማን ሞተብሽ፣ ልጄ?"

"ወንድሜ።"

"ታላቅሽ ነው ታናሽሽ?"

"ታላቄ ነው።"

"ስሙ ማን ይባላል?"

ሰርካ ወደ እኔ አየች። በትምህርቱ ላይ ይህ አልመጣም። ሌላ ስም መጥራት ትችል ነበር። ወንድሟን በሠልስቱ ቀን በሌላ ሰው ስም መጥራት ግን አልሆነላትም።

"ደጀን" አለች።

"ደጀን" አሉ ጋሽ ህሩይ። "እኔም ደጀን የሚባል ልጅ አለኝ። ሹፌር ነው።" አጠገቧ ተቀመጡና እጇን ያዙ። "አባትሽ በሕይወት አለ?"

"አለ።"

"ሰምቷል?"

"አልሰማም።"

ራሳቸውን እየነቀነቁ ቆዩ። "ጠዋት ነው የሚነገረው። ሰው ሰብስባችሁ ግቡ። ብቻውን ሳለ እንዳትነግሩት፣ እሺ?"

"እሺ" አለች።

እስኪመሽ አጠገቧ ተቀምጠው፣ ስታለቅስ፣ "በቃሽ፣ በቃሽ" እያሉ አጽናኗት። ደጀን የሞተባት እሷ ብቻ እንደሆነች ሁሉ። ከዚያ ብዙ ሳይቆዩ ድንኳኑን ረሱት።

ሰርካ ግን ከእፀገነት ጋር ተቀምጣ መልስ አዘጋጅታ ነበር። ደጀን የት አለ ብለው ቢጠይቋት፣ "ናፈቀህ? ልጅ ሳለ ምን ያደርግ ነበር?" ልትላቸው፤ እሳቸው ሲያወሩ እሷም ስለ ወንድሟ ልትሰማ። ያን መልስ ይዛ ወራት ጠበቀች። ጋሽ ህሩይ ስለ ሣህሊቱ በቀን አሥር ጊዜ ይጠይቃሉ። ስለ ደጀን አንድም ቀን አልጠየቁም።

ባለፈው ቅዳሜ ትምህርቱ ካለቀ በኋላ ሰርካ አልተነሣችም።

"ሲስተር፣ ሲጠይቅ ምን እንደምል አስተማርሽኝ። ካልጠየቀስ?"

እፀገነት ወረቀቶቿን ይዛ ቆማ ነበር። ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ መልሳ አስቀመጠች፤ አግዳሚውን ወደ ሰርካ አስጠጋችና አጠገቧ ተቀመጠች።